በራሷ ማቆሚያ 100 ፓውንድ የተጠየቀች ተከራይ

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 በደቡብ ምሥራቅ ለንደን፣ በአንድ መኖሪያ ሕንጻ ግቢ ውስጥ፣ መሬቱ ላይ በነጭ ቀለም 14 ተብሎ በተጻፈበት ማቆሚያ የቆመች ሰማያዊ ቶዮታ ያሪስ ሊነጋ ሲል ፎቶ ተነሣች። ያነሣት የአንድ የግል የመኪና ማቆሚያ ተቆጣጣሪ ኩባንያ ሠራተኛ ነው። መኪናዋ ላይ ምንም አልለጠፈም። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ግን ለባለቤቷ 100 ፓውንድ እንድትከፍል፣ በ14 ቀን ውስጥ ከከፈለች 60 ፓውንድ እንደሚበቃ የሚገልጽ ደብዳቤ በፖስታ ደረሳት። ምክንያቱ «የጸና ፈቃድ ሳይታይ ማቆም» ይላል። ማቆሚያ ቁጥር 14 ደግሞ የሌላ የማንም አይደለም፤ ከቤቱ ጋር አብራ የተከራየችው የራሷ ቦታ ነው።

ባለጉዳይዋ በሆስፒታል የሕሙማን ረዳት ሆና የምትሠራ፣ ከአዲስ አበባ ከመጣች ዓመታት ያስቆጠረች እናት ናት። ክሱ ከደረሳት ጀምሮ እስከ ውሳኔው አብሬያት ነበርኩ። በእንግሊዝ የአነስተኛ ክሶች ችሎት ባለጉዳዩ ራሱ እስከተገኘ ድረስ ጠበቃ ያልሆነ ሰው ሊናገርለት ስለሚችል፣ በችሎቱ የተናገርኩትም እኔ ነኝ። የእርሷንም፣ የኩባንያውንም፣ የሕንጻውንም ስም አልጠቅስም።

አስቀድሞ ደብዳቤው ምን ዓይነት ወረቀት እንደሆነ መታወቅ አለበት። ከማዘጋጃ ቤት ከሚመጣው የትራፊክ ቅጣት ጋር መልኩ አንድ ነው፤ ቀለሙም፣ የጽሑፉ አሰካክም፣ የቀነ ገደቡ ማስፈራሪያም። በሕግ ግን የሚገናኙበት ነገር የለም። የማዘጋጃ ቤቱ ቅጣት ከመንግሥት ሥልጣን የሚመነጭ ነው። የግል ኩባንያው የሚለው ደግሞ ይህን ነው፦ «በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ የጻፍነውን አንብበህ መኪናህን ስታቆም ከእኛ ጋር ውል ገብተሃል፤ ውሉን አፍርሰሃልና ክፈል።» የመኪናው ባለቤት ስምና አድራሻ የሚገኘው ከተሽከርካሪ ምዝገባ መሥሪያ ቤቱ ከዲቪኤልኤ ነው፤ ለአንድ ስም 2.50 ፓውንድ ይከፈልበታል። ወንጀል የለበትም፣ ፖሊስ የለበትም፣ የመንጃ ፈቃድ ነጥብም አይነካም። በእኛ ሰው ዘንድ ግን ደብዳቤው ሲመጣ ሁለት ነገር ይሆናል። አንዱ የዜግነት ማመልከቻዬን ያበላሽብኛል ብሎ በዚያው ቀን ይከፍላል። ሌላው «የግል ኩባንያ ምን ያደርገኛል» ብሎ ወረቀቱን ይጥለዋል። ሁለተኛው የባሰ ነው። ኩባንያው ክስ መሥርቶ መልስ ካጣ ፍርድ ቤቱ ማንንም ሳይሰማ ይፈርዳል፤ ፍርዱ በአንድ ወር ውስጥ ካልተከፈለ ለ6 ዓመት በመዝገብ ላይ ይቆያል። ቤት ቀይሮ ደብዳቤው ያልደረሰው ሰው ይህን የሚያውቀው ባንክ የቤት ብድር ሲከለክለው ነው።

ባለጉዳይዋ ከሁለቱም አልነበረችም፤ ጻፈች። ለኩባንያው የላከችው መልእክት ጨዋ ነበር፦ ነዋሪ ነኝ፣ ፈቃድ አለኝ፣ ፈቃዱ ከመስታወቱ ተላቆ ወድቆ ነው፣ የፈቃዱን ፎቶ ይኸው። ኩባንያው አልቀበልም አለ። በመቀጠል ወደ ይግባኝ ሰሚው ሄደች። በዘርፉ ሁለት የኩባንያዎች ማኅበራት አሉ፤ እያንዳንዱም የራሱ ይግባኝ ሰሚ አለው፤ የአንደኛው ፖፕላ፣ የሌላኛው አይኤኤስ ይባላል። ውሳኔያቸው ኩባንያውን ያስራል፣ አሽከርካሪውን ግን አያስርም። እዚያም ተሸነፈች። ሰሌዳው ፈቃድ መታየት አለበት ይላል፣ ፈቃዱ አልታየም፣ አለቀ። ከዚያ የዕዳ አስከፋዮች ደብዳቤ ይጎርፍ ጀመር፤ 100 የነበረው 170 ሆነ። የተጨመረው 70 ፓውንድ የዕዳ ማስመለሻ ወጪ ነው ይላሉ፤ ሥራው ደብዳቤ ማተም ብቻ ነው።

በሰኔ 2024 የክሱ ወረቀት መጣ። 170 ፓውንድ፣ በዓመት 8 በመቶ የሚታሰብ ወለድ፣ 35 ፓውንድ የፍርድ ቤት ክፍያ፣ 50 ፓውንድ የጠበቃ ወጪ፤ ድምሩ 265 ፓውንድ ሊሆን ምንም አልቀረውም። እኔ ዘንድ የመጣችው ይህን ጊዜ ነው። «ጋሼ፣ በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት» አለችኝ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ እየዘረጋች።

ከወረቀቶቹ መካከል ኩባንያው ራሱ ያነሣቸው ፎቶዎች ነበሩ። ሦስተኛው ለየት ይላል። በጎን መስታወት በኩል የተነሣ ሲሆን፣ ከሾፌሩ ወንበርና ከእጅ ፍሬኑ መካከል የፈቃዱ አረንጓዴ ጠርዝ ብቅ ብሎ ይታያል፤ የሕንጻው ስም የመጨረሻ ፊደላትም ይነበባሉ። ፎቶ አንሺው ፈቃዱ መኪናው ውስጥ እንዳለ እያየ ነው ያነሣው ማለት ነው። ባለጉዳይዋ ክርክሩን በዚህ ፎቶ ላይ መገንባት ፈለገች፤ ማንም ቢሆን ይፈልጋል። እኔ ግን ወደ ኋላ ይቆይ አልኳት። «ፈቃዱን አሳይቻለሁ» ብሎ መከራከር፣ ማሳየት ግዴታዬ ነበር ብሎ ማመን ነው። ይህን አንዴ ካመንን የቀረው ክርክር ወረቀቱ ዳሽቦርድ ላይ ነበር ወይስ ወንበር ሥር የሚል ብቻ ይሆናል፤ በዚያ ሜዳ ላይ ኩባንያው ደንበኛ ተጫዋች ነው፣ ይግባኝ ሰሚው ያሸነፋትም እዚያው ላይ ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፦ በራሷ ቦታ ላይ ፈቃድ የሚሰጣትና የሚከለክላት ኩባንያው ማን ሆኖ ነው?

ስለዚህ የኪራይ ውሉን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበብነው። በሰኔ 2021 የተፈረመ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ የታደሰ ውል ነው። የሚከራየው ንብረት በተዘረዘረበት ክፍል ቤቱ ተጠቅሶ ወዲያው «ከዚሁ ጋር በተያያዘው ፕላን በቀይ የተከበበውን ማቆሚያ ቁጥር 14 ተከራይዋ በኪራዩ ዘመን ሁሉ ለብቻዋ የመጠቀም መብት ይኖራታል» ይላል። ፈቃድ የሚባል ነገር አልተጠቀሰም። ኩባንያ አልተጠቀሰም። ክፍያ አልተጠቀሰም። ሰሌዳዎቹ የተተከሉት በየካቲት 2023 ነው፤ የሕንጻው አስተዳዳሪ ድርጅት የውጭ መኪኖች ግቢውን አጨናነቁት የሚል ቅሬታ ሲበዛበት ኩባንያውን ቀጠረ፣ ፈቃዶቹም በፖስታ ሣጥን እየተጣሉ ታደሉ። በዚያን ጊዜ ውሉ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር።

ይህ ብቻ ግን አይበቃም ነበር፤ ብዙ ሰው የሚያልፈውም ይህን ነው። አከራይ የሌለውን ሊያከራይ አይችልም። በእንግሊዝ የአፓርታማ ባለቤት የሚባለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የረጅም ዘመን ሊዝ ባለመብት ነው፤ መሬቱና ሕንጻው የሌላ ነው። የእርሱ ሊዝ «ማቆሚያው አስተዳዳሪው በሚያወጣው የፈቃድ ሥርዓት ይመራል» ቢል ኖሮ፣ ተከራይዋ ከአከራይዋ የበለጠ መብት ሊኖራት ስለማይችል ነገሩ ይከብድ ነበር። ሊዙን ከመሬት መዝገብ ቤቱ በጥቂት ፓውንድ ገዛነው። በ2008 የተፈረመ የ125 ዓመት ሊዝ ነው፤ ማቆሚያ ቁጥር 14ን ለአንድ የግል መኪና ብቻውን የመጠቀም መብት ይሰጣል። ፈቃድ እዚያም የለም። እንዲህ ያለ ሊዝ ደግሞ አስተዳዳሪ ሰሌዳ ስለተከለ ብቻ አይለወጥም። ብዙ ሊዞችን በአንድ ጊዜ ለማሻሻል የ1987ቱ የአከራይና ተከራይ ሕግ በአንቀጽ 37 መንገድ አበጅቷል፤ ከስምንት በላይ ሊዞች ባሉበት ከባለድርሻዎቹ 75 በመቶ መስማማት፣ ከ10 በመቶ በላይ ደግሞ አለመቃወም አለባቸው፤ የሚወስነውም ልዩ ችሎት ነው። እዚህ ሕንጻ ላይ ማንም ይህን አልሞከረም። አከራዩ መጀመሪያ ላይ «ከአስተዳደሩ ጋር ተነጋገሩ» ብለው ሊሸሹ ሞክረው ነበር፤ ኋላ ግን ሊዛቸው እንዲለወጥ ተጠይቀው እንደማያውቁ በሁለት መስመር ኢሜይል ጻፉልን። ያቺ ኢሜይል ከብዙ ገጽ ክርክር ትበልጥ ነበር።

አንድ አስቸጋሪ ሐረግ ነበረብን፤ እርሱን መሸፈን አያዋጣም። በኪራይ ውሉ ከተከራይ ግዴታዎች መካከል «ለሕንጻው መልካም አያያዝ በየጊዜው የሚወጡ ምክንያታዊ ደንቦችን ማክበር» የሚል አለ። የኩባንያው ጠበቆች የሙጥኝ ያሉት ይህን ነው፤ ትክክልም ናቸው፣ ከእጃቸው የነበረው ጠንካራ ነገር እርሱ ብቻ ነበር። በዚህ ዓይነት ሐረግ የተሸነፉ ተከራዮች አሉ። የእኛ መልስ ሁለት እግር ነበረው። አንደኛ፣ የቆሻሻ መጣያ ሰዓትን ወይም የሌሊት ጩኸትን የሚመለከት ደንብ አንድ ነገር ነው፤ በግልጽ የተሰጠን መብት ቅድመ ሁኔታ ውስጥ አስገብቶ ለሦስተኛ ወገን 100 ፓውንድ የሚያስከፍል ሥርዓት ሌላ ነው። ሁለተኛ፣ ደንብ ተጥሷል ቢባል እንኳ የሚጠይቃት ውሉን የፈረመው አከራይ ነው። ኩባንያው በውሉ ላይ ስሙም ፊርማውም የለም።

ኩባንያው በጽሑፍ ክርክሩ የቢቪስን ጉዳይ ጠቅሷል፤ ሁሉም ይጠቅሱታል። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኅዳር 2015 የወሰነው ነው። በቼልምስፎርድ ከተማ በሚገኝ የገበያ ማዕከል ለሁለት ሰዓት በነጻ ማቆም ይቻል ነበር፤ አሽከርካሪው ከሁለቱ ሰዓት በላይ 56 ደቂቃ ቆየ፣ 85 ፓውንድ ተጠየቀ፣ ፍርድ ቤቱም ክፍያው አግባብ ነው አለ። ከዚያ ወዲህ ኩባንያዎቹ ውሳኔውን እንደ ታቦት ይዘውት ይዞራሉ። ነገር ግን በዚያ ጉዳይ ሰውየው በቦታው ላይ ምንም መብት አልነበረውም፤ የሁለት ሰዓት ነጻ ማቆሚያ ተሰጥቶት በልዋጩ ሁኔታውን ተቀበለ። የእኛ ባለጉዳይ ከኩባንያው የተቀበለችው ነገር የለም፤ ቦታውን በየወሩ ኪራይ ትከፍልበታለች። ወደ እኛ የሚቀርበው የጆፕሰን ጉዳይ ነው፤ በ2016 በኦክስፎርድ ካውንቲ ፍርድ ቤት በይግባኝ የታየ። ነዋሪዋ ዕቃ ለማውረድ በሕንጻዋ መግቢያ ለጥቂት ደቂቃ በማቆሟ ተከሳ ነበር። ዳኛው ዕቃ ለማውረድ መቆም ማቆም አይደለም ከማለታቸውም በላይ፣ በሊዝ የተሰጠ መብት በሌላ ወገን በተተከለ ሰሌዳ ሊሻር እንደማይችል ወሰኑ። ይህ ውሳኔ ሌሎች ዳኞችን አያስገድድም፤ ሲያነቡት ግን ያከብሩታል።

የመከላከያ መልሳችን ከሁለት ገጽ አልበለጠም። ከዚያ ሽምግልና መጣ፤ ከግንቦት 2024 ወዲህ በአነስተኛ የገንዘብ ክሶች ግዴታ ሆኗል። አንድ አስታራቂ ስልክ ደውሎ ከሁለቱም ወገን ጋር በየተራ ይነጋገራል፣ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ኩባንያው በ150 ፓውንድ እንጨርስ አለ። ባለጉዳይዋ በትሕትና እንቢ አለች። ከዚያ በኋላ ክሱን ያነሣሉ ብዬ ገምቼ ነበር፤ የመከላከያ መልሱ ጠንከር ሲል የችሎት ክፍያው ከመከፈሉ በፊት ክስ መተው የተለመደ ነው። አልተዉም።

በየካቲት 2025 ችሎቱ የተካሄደው ፊልም ላይ የምናየው ዓይነት አዳራሽ ውስጥ አይደለም። ረጅም ጠረጴዛ፣ የውሃ ማሰሮ፣ በጠረጴዛው ራስ ዳኛዋ። የኩባንያው ሰው የለም፤ የመጣው ለዚያ ቀን የተቀጠረ ወጣት ጠበቃ ነው፤ ፋይሉን ያየው ማታውኑ እንደሆነ ያስታውቃል። ትሑት ልጅ ነበር፣ የሰጡትን ይዞ መጣ።

ዳኛዋ ሰሌዳውንም ፎቶውንም ወደ ጎን አድርገው የኪራይ ውሉን ከፈቱ።

«ሰሌዳው ባይኖር ኖሮ ተከሳሿ እዚህ ቦታ ላይ ማቆም ትችል ነበር?» ሲሉ ጠየቁት።

«አዎ፣ ክብርት ዳኛ።»

«ታዲያ ደንበኛዎ ምን ሰጣት?»

ጠበቃው ትንሽ አሰበና «ከሌሎች መኪኖች ጥበቃ» አለ። መጥፎ መልስ አይደለም። ዳኛዋም አልናቁትም፤ ጥበቃው ቦታውን ለሚጠቀመው ሰው እንደሚጠቅም ተቀበሉ። ነገር ግን፣ አሉ፣ ይህ አገልግሎት የተሸጠው ለአስተዳዳሪው ነው፤ ተከሳሿ አልገዛችውም፣ ዋጋውንም አልተደራደረችበትም።

ቀጥሎ ያነሡት የፈራሁትን ነጥብ ነበር። ባለጉዳይዋ ፈቃዱን ተቀብላ ለስምንት ወር ያህል ስትለጥፍ ከርማለች፤ ይህ ሥርዓቱን መቀበል አይደለም ወይ? እርሷው ራሷ ትመልስ ዘንድ ዞር አልኩላት። «በሣጥኔ ውስጥ አገኘሁት፤ ለጥፊ ይላል፣ ለጠፍኩ» አለች በቀጥታ። «ካልለጠፍኩ መቶ ፓውንድ ትከፍያለሽ ብሎ የነገረኝ የለም። እኔ ያወቅሁት ጎረቤቶቼን ለመተባበር ነው።» ዳኛዋ ይህን ቃል በቃል ሲጽፉት አየሁ። ከእኔ ንግግር ይህን ያህል የጻፉት አልነበረም።

ውሳኔው እዚያው በቃል ተሰጠ። ማቆሚያውን የመጠቀም መብት በኪራይ ውሉ ያለ ቅድመ ሁኔታ ተሰጥቷል፤ የአከራዩ ሊዝም ይህን ይደግፋል። የደንቡ ሐረግ የተሰጠን መብት እስከመሻር ወይም ለውጭ ወገን ገንዘብ እስከማስከፈል አይዘልቅም። ፈቃዱን በመልካም ፈቃድ መለጠፍ ውልን መለወጥ አይደለም። ኩባንያው ለተከሳሿ የሚሰጠው ነገር ስላልነበረው በመካከላቸው ውል አልተመሠረተም፤ ክሱ ውድቅ ነው። ኩባንያው ከአስተዳዳሪው ጋር የገባው ውል ግማሹ በጥቁር ተሸፍኖ መቅረቡን፣ ሰሌዳውም የሚከለክል እንጂ የሚጋብዝ አለመሆኑን ጽፈን ነበር፤ ዳኛዋ እዚያ ድረስ መሄድ አላስፈለጋቸውም። 70 ፓውንዱን ግን ሳይጠቅሱ አላለፉም፤ ክሱ ቢጸና እንኳ አልፈቅደውም ነበር አሉ። ለባለጉዳይዋ የቀረችበት የሥራ ቀን ደመወዝ ተወሰነላት፤ በዚህ ችሎት ለአንድ ቀን ከ95 ፓውንድ አያልፍም። የአውቶቡስ ዋጋውም ተጨመረ።

ከውሳኔው በኋላ አስተዳዳሪው ድርጅት ለሁሉም ነዋሪዎች አዲስ ደብዳቤ በተነ፦ ከእንግዲህ የወረቀት ፈቃድ ቀርቶ የመኪናው የሰሌዳ ቁጥር ይመዘገባል፤ ነዋሪ ቁጥሩን ካስመዘገበ ወረቀት ወደቀ ተነሣ የሚባል ነገር አይኖርም። ይህን በ2023 ቢያደርጉት ኖሮ አንዲት የሆስፒታል ሠራተኛ ዓመት ከመንፈቅ እንቅልፍ ባላጣች ነበር።

በዚያው ሳምንት ከእርሷ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖር ኤርትራዊ ጎረቤቷ ተመሳሳይ ደብዳቤ ይዞ መጣ። የኪራይ ውሉን ጠየቅሁት። የተፈረመው በ2024፣ ሰሌዳዎቹ ከተተከሉ በኋላ ነው፤ ማቆሚያ ቁጥር 22ን ሲሰጠው «በሕንጻው የማቆሚያ ፈቃድ ሥርዓት መሠረት» የሚል ጨምሯል። ደብዳቤው በደረሰው በአሥራ አንደኛው ቀን ላይ ነበርን። የባለጉዳይዋን ውሳኔ አይቶ እርሱም ችሎት ለመቆም ቆርጦ ነበር የመጣው፤ የዚያችን ሐረግ ትርጉም ካስረዳሁት በኋላ በቅናሹ 60 ፓውንድ ከፈለ።